የጽኑ ሕሙማን ጡንቻ በምስል ሲመዘን

ከባድ ሕመም ሥጋ እንደሚበላ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ይህ መክሳት በሚሊ ሜትርና በመቶኛ መለካቱ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት፣ በተለይም ከ2013 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሲቲ ስካንና አልትራሳውንድ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ጡንቻ መለኪያ እየሆኑ መጥተዋል። የጥናቱ ብዛትም ለመከታተል አስቸጋሪ እስኪሆን ደርሷል። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ መግባባት ግን እንደ ቁጥሮቹ በፍጥነት አልበዛም። ተመራማሪዎች በአንድ ስም እየጠሩ የተለያየ ነገር ይለካሉ፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ሲያጣው ክርክሩ ስለ መሣሪያው ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተለያየው ጥያቄው ራሱ ነው።

ጉዳዩ ከየት ተነሣ

ካናዳዊው ሐኪም ዊሊያም ኦስለር በ1892 ባሳተመው የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ፣ በተራዘመ ኢንፌክሽን የሚሠቃዩ ሕሙማን ሥጋቸው በፍጥነት እንደሚያልቅ ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ስለሚሞት የጡንቻው ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ አልሆነም። ጥያቄ የሆነው ሕሙማኑ መትረፍ ሲጀምሩ ነው። በ1952 ኮፐንሃገንን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲመታ፣ የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን በጉሮሯቸው በተከፈተ ቀዳዳ በኩል አየር እየተገፋላቸው እንዲቆዩ አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተቀምጠው የአየር ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። በተከታዩ ዓመት በዚያው ከተማ የተከፈተው ክፍል ከመጀመሪያዎቹ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ሰው በማሽን ሳምንታት መቆየት ከቻለ በኋላ ሌላ ችግር ብቅ አለ። በ1977 ማክፋርሌንና ሮዘንታል የተባሉ ሐኪሞች በከባድ አስም ታክማ ከዳነች በኋላ ጡንቻዎቿ ክፉኛ ስለደከሙባት አንዲት ወጣት ጻፉ። በ1984 ደግሞ ቻርልስ ቦልተንና ባልደረቦቹ በካናዳዋ ለንደን፣ ኦንታሪዮ፣ ከቬንቲሌተር (ከመተንፈሻ ማሽን) መላቀቅ ያቃታቸውን አምስት ሕሙማን መርምረው የብዙ ነርቮች ጉዳት አገኙ። አንደኛው ወገን ጡንቻውን፣ ሌላው ነርቩን ይዞ መከራከሩ ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱም አብረው እንደሚመጡ ይቀበላሉ። ምስል ግን ጡንቻውን እንጂ ነርቩን ስለማያሳይ፣ የነርቭ ወገን ተመራማሪዎች በአልትራሳውንድ ጥናት ላይ ያላቸው ጥርጣሬ አሁንም አልበረደም። ጥርጣሬያቸውም መሠረት አለው።

የጉዳዩን ስፋት ያሳዩት ሁለት ጥናቶች ናቸው። በ2002 ደ ዮንግና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ በቬንቲሌተር ቆይተው ከነቁ 95 ሕሙማን ውስጥ ሩብ ያህሉ እጅና እግራቸው እንደዛለ አገኙ። በ2003 የቶሮንቶዋ ማርጋሬት ኸሪጅ ከባድ የሳንባ ጉዳት ደርሶባቸው የተረፉ 109 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለች። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ ከቀድሞ ክብደታቸው 18 በመቶውን አጥተው ነበር። ከዓመት በኋላ ወደ ሥራ የተመለሱት ከግማሽ በጥቂቱ ያነሱ ሲሆን በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት ርቀትም ከሚጠበቀው 66 በመቶ ብቻ ነበር። ሳንባቸው አብዛኛውን አገግሟል፤ ወደ ኋላ ያስቀራቸው የአካላቸው መድከም ነው። ከዚህ በኋላ ጡንቻን ገና ሰውየው ተኝቶ ሳለ መለካት የግድ መሰለ።

ሦስት ጥያቄዎች

ስለ ጽኑ ሕመምተኛ ጡንቻ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መጠየቅ ይቻላል። አንደኛው ይዞት የመጣው ነው፦ ሕመሙ ሲጀምር ጎተራው ሙሉ ነበር ወይስ ባዶ? ሁለተኛው የመጥፋቱ ፍጥነት ነው፦ በየቀኑ ምን ያህል እየሄደ ነው? ሦስተኛው ደግሞ የቀረው ጡንቻ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። እነዚህ አንዱ ከሌላው አይወጡም። ብዙ ጡንቻ ይዞ የመጣ ወጣት በአሥር ቀን ውስጥ ብዙ ሊያጣና አሁንም ከአንዲት አዛውንት የበለጠ ሊቀረው ይችላል። ብዙም ያልከሳ ጡንቻ ደግሞ ነርቩ ስለተጎዳ ወይም የጡንቻው ክሮች ስለሞቱ ላይታዘዝ ይችላል።

ከምስል በፊት የነበረው ዋና መለኪያ ሦስተኛውን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። ሐኪሙ በሁለቱ እጆችና እግሮች ለ12 የጡንቻ ክፍሎች ኃይል ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 60 ሲሆን ከ48 በታች ያገኘ ሰው ጽኑ ሕመም ያመጣው ድካም አለበት ይባላል። ዋጋ የማያስወጣ፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ጥሩ መለኪያ ነው። እንከኑ ሕመምተኛው ነቅቶ፣ ገብቶት፣ መተባበር ያለበት መሆኑ ነው። ጡንቻ ከሁሉ በላይ በሚጠፋበት በመጀመሪያው ሳምንት ብዙው ሕመምተኛ በማደንዘዣ ውስጥ ነው። ምስል የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በእርግጥም ክፍተቱን በከፊል ሞልቷል፤ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ እየተወ አንደኛውንና ሁለተኛውን በመመለስ።

በእርጅና ሕክምና ዘርፍም ተመሳሳይ ሽግግር ታይቷል። ሳርኮፔኒያ የሚባለውን የጡንቻ መመናመን የሚተረጉመው የአውሮፓ ቡድን በ2010 ቅድሚያ የሰጠው ለጡንቻው ብዛት ነበር፤ በ2018 ባሻሻለው መመሪያ ኃይልን አስቀድሞ ብዛትን ማረጋገጫ አደረገው። የጽኑ ሕክምና ጽሑፎች ግን ይህን ስም ተውሰው አሁንም በአመዛኙ በብዛት ብቻ ይጠቀሙበታል፤ ለአንባቢ የሚያደናግረው ይህ ነው።

ሲቲ ስካን፦ ለሌላ ጉዳይ የተነሣ ምስል

ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያነሣው በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ ነው። በስሙ የሚጠራው ሚዛን ውኃን ዜሮ፣ አየርን ከዜሮ በታች 1000 ያደርጋል። ጡንቻ በተለምዶ ከዜሮ በታች 29 እና ከዜሮ በላይ 150 መካከል እንደሚወድቅ ስለሚወሰድ፣ ኮምፒውተር በአንድ ቁርጥ ምስል ላይ በዚህ ክልል ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ቆጥሮ የጡንቻውን ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። በ2004 ሼንና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የሆድ ቁርጥ የመላ አካሉን ጡንቻ በጥሩ ሁኔታ እንደምትገምት አሳዩ። የካናዳ የካንሰር ተመራማሪዎች ደግሞ ሦስተኛውን የወገብ አከርካሪ መደበኛ ቦታ አደረጉት፤ የጽኑ ሕክምና ሐኪሞችም ከእነሱ ወሰዱት።

የዚህ ስልት ትልቁ ብልሃት አዲስ ምስል አለመጠየቁ ነው። ሕመምተኛው ለሆድ ኢንፌክሽን ወይም ለአደጋ ሲቲ ተነሥቶ ከነበረ፣ ያው ምስል ጡንቻውንም ይዟል። በ2013 ሞይሲና ባልደረቦቹ አደጋ ደርሶባቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 149 አዛውንቶችን ምስል መለስ ብለው ሲመለከቱ 71 በመቶዎቹ ጡንቻቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ክብደታቸው ከመደበኛ በላይ መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ ወፍራም የሆነ ሰው ውስጡ ጡንቻ አልባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህን ያለ ምስል ማወቅ አይቻልም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዌይስና ባልደረቦቹ አምስተርዳም ውስጥ በቬንቲሌተር ላይ የነበሩ 240 ሕሙማንን ለክተው አነስተኛ ጡንቻ ለሞት አስጊ መሆኑን፣ የሰውነት ክብደትና ቁመት ምጣኔ ግን ይህን ያህል እንደማይናገር አሳዩ። በ2016 ያው ቡድን በ491 ሕሙማን ላይ ሌላ እርከን ጨመረ፦ የጡንቻው ስፋት ብቻ ሳይሆን ጥግግቱ፣ ማለትም በሃውንስፊልድ ሚዛን ላይ ያለው አማካይ ቁጥር፣ ዝቅ ሲል በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድል ይጨምራል። ጥግግት ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ስብ ገብቷል ተብሎ ይታሰባል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በደም ሥር የሚሰጠው የምስል ማድመቂያ መድኃኒት የጡንቻውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። በጡንቻ መሃል የተቋጠረ ውኃ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) የተያዘ፣ ብዙ ሊትር ፈሳሽ የተሰጠው ሰው ጡንቻ «ስብ ገባበት» ቢባል፣ ስቡ ይሁን ውኃው ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። በዚያ ላይ የሆድ ሲቲ የሚነሣው ሰው እንዲያው አይመረጥም፤ የሆድ ጉዳይ ወይም አደጋ ያለበት ነው። በአስም ወይም በመርዝ የገባ ሕመምተኛ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ብዙም የለም። ስለዚህ አምስተርዳም የተገኘው ነገር ለሁሉም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሠራል ብሎ መቀበል ቸኩሎ መናገር ይሆናል።

ሲቲ በጨረሩ ምክንያትና ሕመምተኛውን ከነቬንቲሌተሩ ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ በየሦስት ቀኑ አይደገምም። ኤምአርአይ ጡንቻን ከሁሉ አጥርቶ ቢያሳይም፣ ከብረት የጸዱ መሣሪያዎችና ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ በዚህ ክፍል ለምርምር እንኳ እምብዛም አይደረስበትም። ስለዚህ ሲቲ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንደኛውን ይመልሳል፦ ይዞ የመጣውን። በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሥራው በኮምፒውተር በራሱ መሠራት ጀምሯል። በ2023 ባዝል ውስጥ ተሠርቶ በነጻ የተለቀቀው ቶታልሴግሜንተር ሲወጣ 104 የአካል ክፍሎችን፣ የጀርባና የመቀመጫ ጡንቻዎችን ጨምሮ፣ በራሱ ይለይ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚያስቸግረው መለካቱ ሳይሆን የተለካው ለምን እንደሚውል መወሰኑ ነው።

አልትራሳውንድ ከአልጋው አጠገብ

ጡንቻን በድምፅ ሞገድ መለካት ከጽኑ ሕክምና ይቀድማል። ኢካይና ፉኩናጋ በ1968 ጃፓን ውስጥ የክንድ ጡንቻን ስፋት በአልትራሳውንድ ለክተው ከኃይሉ ጋር አነጻጽረው ነበር። ወደ ጽኑ ሕሙማን ያመጣው የማንቸስተሩ ካምቤል ነው፤ በ1995 ብዙ የአካል ክፍሎቻቸው የደከሙ ሕሙማንን ለካ። ያነሣሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ትኩስ ነው፦ ሰውነት በውኃ ሲያብጥ ክብደትና የእጅ ዙሪያ መክሳትን ይደብቃሉ፤ የጡንቻው ውፍረት ግን ከእብጠቱ ሥር እየቀነሰ ሊታይ ይችላል።

መስኩን የቀየረው ግን የ2013ቱ የፑቱቸሪ ጥናት ነው። በለንደን ሁለት ሆስፒታሎች የተኙ 63 ሕሙማን ተከታታይ ልኬት ተደረገላቸው። ሬክተስ ፌሞሪስ የሚባለው የጭን ፊት ጡንቻ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ስፋት በአሥረኛው ቀን በአማካይ 17.7 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከአማካዩ በላይ የሚናገረው ልዩነቱ ነው። በሰባተኛው ቀን አንድ የአካል ክፍል ብቻ የደከመባቸው 3 በመቶ ሲያጡ፣ ብዙ የደከመባቸው 15.7 በመቶ አጥተዋል። አልጋ ላይ መዋል ብቻውን ይህን አያደርግም። በሽታው ራሱ ጡንቻን ይፈጃል፤ መኝታው የሚያባብስ ነው እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም።

ጥናቱ ሌላም ነገር ይዟል፤ ከዚህኛው ያነሰ የሚጠቀስ ቢሆንም ለምስል ጉዳይ የበለጠ ክብደት ያለው ነው። በሦስት መንገድ በተለኩ 28 ሕሙማን ላይ አልትራሳውንዱ 10.3 በመቶ መቀነስ አሳየ። ከጡንቻው በመርፌ የተወሰደው ናሙና በአጉሊ መነጽር ሲታይ የክሮቹ ስፋት የቀነሰው በ17.5 በመቶ ነበር። በጡንቻው ሴል ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ከዲኤንኤው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 29.5 በመቶ ወርዷል። አንድ ጡንቻ፣ አንድ ሕመምተኛ፣ ሦስት ቁጥር። ምስሉ ከሁሉ ያነሰውን ኪሳራ አሳየ፤ ምናልባት በክሮቹ መካከል የገባው ውኃ ቦታውን ሞልቶት ይሆናል። ስለዚህ አልትራሳውንድ «ብዙ አልቀነሰም» ሲል ማጽናኛ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው፤ «ቀንሷል» ሲል ግን ማመን ይቻላል። ይህን ያህል ጠቃሚ ልዩነት በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ መሆኑ ያስገርማል።

በ2023 ፋዚኒና ባልደረቦቹ ከ3,200 በላይ ሕሙማንን ያቀፉ 52 ጥናቶችን ሰብስበው በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ጡንቻ እንደሚጠፋ አሰሉ። የኮቪድ ሕሙማን ጉዳይ የባሰ ይመስላል፤ ብራዚል ውስጥ 32 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በአሥር ቀን ውስጥ 30 በመቶ ያህል መቀነስ አግኝቷል። ነገር ግን በአሥረኛው ቀን የሚለካው በአሥረኛው ቀን ገና እዚያው ያለ ሰው ነው። ቶሎ የዳነው ወጥቷል፤ የሞተውም የለም። መጀመሪያ የተለኩት ብዙ ሆነው መጨረሻ ላይ የተለኩት ጥቂት ሲሆኑ አማካዩ የማን አማካይ እንደሆነ ጠይቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

የአለካክ ጉዳይም እልባት አላገኘም። አንዳንዱ ስፋቱን፣ ሌላው ውፍረቱን ብቻ ይለካል። አንዱ ፕሮቡን (ሞገዱን የሚልከውን የመሣሪያውን ክፍል) ቆዳው ላይ በብዙ ጄል አንሳፍፎ ይይዛል፤ ሌላው አጥንት እስኪቀርብ ይጫናል። ጭኑ ላይ የሚመረጠው ቦታም ከጥናት ጥናት ይለያያል። ልምድ ያለው አንድ ሰው ደጋግሞ ሲለካ ውጤቱ ይቀራረባል፤ የሚለካው ሰው ሲቀየር፣ ሕመምተኛው ሲገለበጥ ወይም ምልክቱ በቆዳው ላይ ሳይደረግ ሲቀር ስህተቱ ከእውነተኛው ለውጥ ጋር ሊተካከል ይችላል። በየቀኑ 2 በመቶ የሚቀንስን ነገር በየሁለት ቀኑ መለካት ከዚህ አንጻር ትርጉሙ ጥቂት ነው፤ በሳምንት መለካት የተሻለ ነው።

አልትራሳውንድ የሲቲን ቦታ ይተካል ወይ? በ2017 ፓሪስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ149 ሕሙማን የጭን ጡንቻ ውፍረትን ከሆድ ሲቲ ጋር ሲያነጻጽሩ ትስስሩ 0.45 ብቻ ሆነ። ደካማ ነው ብለው ያዘኑ ነበሩ። ይሁንና እግርና ወገብ የተለያዩ ጡንቻዎች ናቸው፤ የጭን ጡንቻ በመኝታና በሕመም ከሁሉ ፈጥኖ ይከሳል። ሁለቱ በጥብቅ አለመስማማታቸው የአንዱ ጥፋት ሳይሆን የተለያየ ጥያቄ የመመለሳቸው ውጤት ሊሆን ይችላል።

ንጣቱ ምን ይናገራል?

ጤነኛ ጡንቻ በአልትራሳውንድ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሲጎዳ፣ ስብ ሲገባበት ወይም በጠባሳ ሲሞላ ይነጣል። ሄክማትና ባልደረቦቹ በ1982 ለንደን ውስጥ የጡንቻ በሽታ ያለባቸውን ሕፃናት ለመለየት ይህን ንጣት በአራት ደረጃ ከፈሉት። በጽኑ ሕሙማን ዘንድ ተስፋው ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ንጣቱ ስለ ጥራት፣ ማለትም ከሦስቱ ጥያቄዎች ስለ ሦስተኛው፣ ፍንጭ ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። በፑቱቸሪ ጥናት ናሙና ከተወሰደላቸው ከግማሽ በሚበልጡት የጡንቻ ክሮች ሞተው ተገኝተው ነበር፤ ቡድኑ በኋላ የንጣቱን ለውጥ ከዚህ ጉዳት ጋር አያይዞ አቅርቧል።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ቀላልና ጠንካራ ነው። ንጣቱ በማሽኑ ማስተካከያ ይለወጣል፤ ድምቀቱን ከፍ ያደረገ ሁሉንም ጡንቻ በሽተኛ ያደርገዋል። ፕሮቡ ጥቂት ዘንበል ሲል ምስሉ ይጠቁራል። የቆዳ ሥር ስብ ወፍራም ከሆነ ሞገዱ ይዳከማል። ውኃም ንጣቱን ይቀይራል። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ማስተካከያ፣ ያንኑ ሰው እየተከታተሉ ማነጻጸር ይቻላል፤ የአንድ ሆስፒታልን ቁጥር ወደ ሌላው ማሻገር ግን እስካሁን አልተቻለም። የጡንቻውን ግትርነት የሚለካው ኤላስቶግራፊ ይህን ችግር ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ በጽኑ ሕሙማን ላይ ያለው ማስረጃ ገና ለጋ ነው።

ድያፍራም፣ የራሱ መንገድ ያለው ጡንቻ

በ2008 ሌቪንና ባልደረቦቹ አንጎላቸው ከሞተ በኋላ ከ18 እስከ 69 ሰዓት በቬንቲሌተር የቆዩ 14 የአካል ለጋሾችን ድያፍራም (ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ) መርምረው ክሮቹ ከግማሽ በላይ እንዳነሱ አገኙ። የእግር ጡንቻ በሳምንት የማያጣውን ድያፍራም በሁለት ሦስት ቀን ያጣል። ምክንያቱ ማሽኑ ሥራውን ስለወሰደበት ነው። ይህ ከሆነ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ መከታተል ጠቃሚ መሆን አለበት።

የቶሮንቶው ኢወን ጎሊገር በ2015 በ107 ሕሙማን ሲለካ ግን ታሪኩ ከታሰበው ጠመዝማዛ ሆነ። በ44 በመቶዎቹ ውፍረቱ ከ10 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በ12 በመቶዎቹ ግን ጨመረ። በ2018 ደግሞ የቀነሰውም የጨመረውም ረዘም ላለ ጊዜ ከቬንቲሌተር ሳይላቀቅ መቆየቱን አሳየ። ማሽኑ ብዙ ሲያግዝ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጥቂት ሲያግዝ ደግሞ ከአቅም በላይ ይደክምና ይጎዳል ማለት ነው የሚለው ትርጓሜ አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ ድያፍራም በትንፋሽ መጨረሻ ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ብቻ አለው፤ 10 በመቶ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ በአንድ ሕመምተኛ ላይ በእርግጠኝነት አየሁ ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ከእግሩ ተነሥቶ ስለ ድያፍራም መናገርም አይቻልም። በ2017 ድሬስና ባልደረቦቹ ከቬንቲሌተር ሊላቀቁ የተቃረቡ 76 ሕሙማንን፣ ድያፍራሙን በምስል ሳይሆን ነርቩን በማነቃቃት በሚገኘው ግፊት፣ ሲመረምሩ 63 በመቶው የድያፍራም ድካም፣ 34 በመቶው የእጅና እግር ድካም ነበረባቸው፤ ሁለቱም የነበረባቸው 21 በመቶ ብቻ ናቸው።

ስንት ሲሆን ነው «አነሰ» የሚባለው?

ዌይስና ባልደረቦቹ በሲቲ ለሚለካው የጡንቻ ስፋት ለወንድ 170፣ ለሴት 110 ካሬ ሴንቲ ሜትርን ወሰን አድርገዋል፤ በዚህ ወሰን ከሕሙማናቸው 63 በመቶው ከታች ወድቋል። የካንሰር ጥናቶች ደግሞ ስፋቱን በቁመት ካሬ አካፍለው በ2008 ፕራዶና ባልደረቦቿ ያወጡትን ለወንድ 52.4፣ ለሴት 38.5 የሚል ቁጥር ይጠቀማሉ። ያ ቁጥር የወጣው ወፍራም ከሆኑ የካናዳ ካንሰር ሕሙማን ነው። ሁለቱ ወሰኖች በአንድ ሕመምተኛ ላይ የተለያየ ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ።

ኔዘርላንዳውያን በዓለም ረጃጅም ከሚባሉት ሕዝቦች መካከል ናቸው። ቁመትን የማያካትት ወሰን ከአምስተርዳም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስንቱን ጤነኛ ሰው «ጡንቻ አነሰው» እንደሚያሰኝ መገመት አይከብድም። በአማካይ ክብደቱ ከአውሮፓ ሕዝብ ዝቅ በሚልበት አገር የራስ ማጣቀሻ ሳይኖር የሌላውን ቁጥር መዋስ ድርቅና ረኃብ ያለፉበትን ሰውነትና በሽታ የበላውን ሰውነት መለየትን አስቸጋሪ ያደርገዋል። ሲቲ ስካን በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች በሚገኝበት፣ አልትራሳውንድ ግን ለእርግዝና ክትትል ሲባል ሰፊ መዳረሻ ባገኘበት አገር፣ ከሁለቱ አካሄዶች ቀርቦ የሚገኘው ሁለተኛው ነው። ይህን መንገድ የተከተለ ምሳሌ አለ፦ በቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ የቴታነስ ሕሙማን ጡንቻ በአልትራሳውንድ እየተለካ ተጠንቷል። ቴታነስ በሀብታም አገሮች ከተረሳ ቆይቷል፤ ለእኛ ግን የመማሪያ መጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። የራስን ሰው በየጊዜው ከራሱ ጋር ማነጻጸርም የባዕድ ወሰን አይጠይቅም። በተቃራኒው፣ ይዞት የመጣውን ለማወቅ ሲፈለግ ወሰን የግድ ነው፤ ያም ገና የለም።

ከተለካ በኋላስ?

የመለካቱ ዓላማ ማከም ከሆነ፣ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። ጡንቻ በፕሮቲን ይገነባል፤ ስለዚህ ብዙ ፕሮቲን ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ለዓመታት እንደ ግልጽ ነገር ታይቶ ነበር። በ2023 የወጣው ኤፎርት የተባለ ጥናት በ1,301 ሕሙማን ላይ በቀን በኪሎ 2.2 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲንን ከ1.2 ግራምና ከዚያ በታች ጋር አነጻጽሮ ጥቅም አላገኘም፤ ኩላሊታቸው በድንገት ለደከመ ሕሙማን እንዲያውም ጉዳት የሚጠቁም ነገር አየ። በ2024 በኔዘርላንድና በቤልጂየም 935 ሕሙማንን ያቀፈው ፕሪሳይዝ ደግሞ ብዙ ፕሮቲን ያገኙት የኋላ ኑሯቸው የከፋ እንደነበር ዘገበ። ምግቡን ቀኑን ሙሉ ከማንጠባጠብ ይልቅ በየተወሰነ ጊዜ መስጠት ጡንቻ ያድናል የሚለውም በ2020 በ121 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በአሥረኛው ቀን በአልትራሳውንድ ሲለካ ልዩነት አልተገኘም።

ማንቀሳቀስስ? በ2009 ሽዋይከርት በ104 ሕሙማን ላይ ቀድሞ የተጀመረ የአካል እንቅስቃሴ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን የቻሉትን ሰዎች ከ35 ወደ 59 በመቶ ማሳደጉን አሳይቶ ነበር። በ2022 የወጣውና 750 ሕሙማንን የያዘው ቲም የተባለው ጥናት ግን ከተለመደው የበለጠ ቀደም ያለና የጠነከረ እንቅስቃሴ ጥቅም እንደሌለው፣ አደጋውም በእጥፍ እንደጨመረ አገኘ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው የቲም ንጽጽር ቡድንም ጥቂት ይንቀሳቀስ እንደነበር ነው፤ ጥያቄው መንቀሳቀስ ይሁን አይሁን ሳይሆን ምን ያህል የሚል ነበር።

እነዚህን ውጤቶች ሁለት ወገን በሁለት መንገድ ያነባቸዋል። አንደኛው የጡንቻ መክሳት ሰውነት ለመትረፍ የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስቆም አይቻልም፣ ምናልባትም አይገባም፤ ምስሉ የሚጠቅመው ማን በኋላ ረጅም ማገገሚያ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ነው ይላል። ሌላው ስህተቱ በሕሙማን ምርጫ ላይ ነው ይላል፦ በእነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ሕሙማኑ የገቡት ጡንቻቸው በምስል ተለክቶ አልነበረም፤ ጎተራው ሙሉ የሆነውና ባዶ የሆነው አንድ ላይ ተደምረዋል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ሲጎዳ አማካዩ ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛው መከራከሪያ ማራኪ ቢሆንም እስካሁን ይበልጥ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ይህን የሚፈታ ጥናት ሕሙማንን ገና ሲገቡ በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ ለይቶ፣ የምግቡንና የእንቅስቃሴውን መጠን በዚያ ልክ ወስኖ፣ ውጤቱን በምስል ሳይሆን ሰውየው ከስድስት ወር በኋላ ደረጃ መውጣት ይችል እንደሆን ጠይቆ መፍረድ ይኖርበታል።